መንገደኛ የሠራው ፍሬን

ነገ በማንገኝበት አገር ዛሬ የምንሠራው ሥራ ዕዳ ይሆንብናልን? ይህ ጥያቄ ለእኛ ለካምፕ ነዋሪዎች ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም። ስማችን ከሰሌዳ ላይ እስኪለጠፍ የምንጠባበቅ፣ የዛሬ ዓመት የት እንደምንሆን የማናውቅ ሰዎች ነን። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ሲሠራ እስኪሄድ ድረስ እንዲቆምለት ብቻ ይሠራል፤ ችግኝ ትከል ቢሉት ጥላው ለማን ነው ብሎ ይጠይቃል። «በሰው አገር ነን»፣ «ለጊዜው ነው»፣ «እስክንሄድ ነው» የሚሉት ሦስት አባባሎች ከአፋችን አይጠፉም። እነዚህ አባባሎች መከራን ለመቻል ሲነገሩ መልካም ናቸው። ሥራን ለመመዘን ሲነገሩ ግን ወዴት ያደርሱናል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ይህንኑ ነው። ምርመራችንም በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር አንድ የሚዳሰስ ነገር በእጃችን እንያዝ፤ ይኸውም ያገለገለ የመኪና ፍሬን ካሊፐር ነው።

ናይሮቢን የሚያውቅ ሁሉ ጁዋ ካሊ የሚባለውን ሥራ ያውቃል። ቃሉ በስዋሂሊ «ብርቱ ፀሐይ» ማለት ነው፤ ጣራ በሌለው ቦታ ፀሐይ እየመታው ብረት ለሚቀጠቅጠው፣ ሞተር ለሚፈታው፣ ምድጃ ለሚሠራው ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ኬንያ ባወጣው ዘገባ እንዲህ ያለውን ከመንግሥት መዝገብ ውጪ ያለ ሥራ ስፋቱንና ጥቅሙን ገልጾ ለዓለም አስተዋውቋል። ከከተማዋ መሐል ብዙም ሳይርቅ ኪሪንያጋ የሚባል መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው ግን እስከ ዛሬ በቀድሞ ስሙ ግሮጋን ይለዋል። ለአዲስ አበባ ልጅ ሶማሌ ተራ ነው ብንለው ይገባዋል። ያረጀም ሆነ የተጋጨ መኪና ብልቱ ተለያይቶ፣ በሩ ለብቻ፣ ራዲያተሩ ለብቻ፣ ፍሬኑ ለብቻ ይሸጥበታል። እኛም ጠመኔ ይዘን የኖርን ሰዎች፣ በዚያ አካባቢ ከአንድ ግቢ ጥግ ከአገሬው ፈንዲዎች ማለትም ከእጅ ባለሙያዎች አጠገብ ተቀምጠን፣ ያገለገለ ካሊፐር እያጠብንና እያደስን ጥቂት ጊዜ ቆይተናል። መካኒክ አይደለንም። ከመጽሐፍ ካነበብነውና ፈንዲዎቹ በእጃቸው ካሳዩን በቀር ሌላ ትምህርት አላገኘንም።

ካሊፐር ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እናስረዳ። ከመኪናው የፊት ጎማ በስተውስጥ፣ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር የብረት ሰሃን አለ፤ ዲስክ ይባላል። ካሊፐር ይህን ሰሃን ከግራና ከቀኝ እንደ ጉጠት የሚይዝ ብረት ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ በቧንቧው ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱ በካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም ሸራውን ከሰሃኑ ጋር ያጣብቀዋል። በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የተጫነውን ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚያደርስ ያስረዳው የ17ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ ፓስካል ነበር። የዲስክ ፍሬንን እንግሊዛዊው ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 በፈጠራ መዝገብ አስመዝግቦታል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1953 ዲስክ ፍሬን የተገጠመላት የጃጓር መኪና በፈረንሳይ አገር የለ ማን ውድድርን ካሸነፈች በኋላ ነው ነገሩ በሰፊው እየታወቀ የመጣው።

ከሁሉም የሚያስደንቀው በፒስተኑ ዙሪያ ያለችው የጎማ ቀለበት፣ ባለሙያዎቹ ጎሚኒ የሚሏት ናት። ዘይቱ እንዳይፈስ የምትከለክል እርሷ ናት። ፒስተኑ ሲገፋ አብራው ትጠመዘዛለች፤ ሾፌሩ እግሩን ሲያነሣ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ፒስተኑን ከአንድ ሚሊ ሜትር ላነሰ ርቀት ወደኋላ ትስበዋለች። ሌላ የሚመልሰው ሞላ የለውም። እንግዲህ የብዙ ሰው ሕይወት በዚህች ቀለበትና እርሷ በምትነካው የፒስተን ገላ ልስላሴ ላይ ያርፋል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ምን ያህል ጭነት እንደምትሸከም እናስላ። ሰው የሞላች ማታቱ 2,500 ኪሎ ግራም ትመዝናለች እንበል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትበር ቆይታ ብትቆም፣ ፍሬኖቿ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ የሚውጡት ሙቀት በናይሮቢ ሁለት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ የሚችል ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከሊሙሩ ወደ ማይ ማሂዩ የሚወርደውን ቁልቁለት ያየ ሰው የዓባይን በረሃ ያስታውሳል፤ እዚያ ላይ ፍሬን አንድ ጊዜ ተረግጦ የሚለቀቅ ሳይሆን ያለ ዕረፍት የሚሠራ ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 155 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ፈሳሽ አይገፋም፣ ይጨመቃል። ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም።

አሁን ወደ እድሳቱ እንምጣ። ካሊፐሩ ይፈታል፤ ፒስተኑ እንዳይፈናጠር ከፊቱ እንጨት ተደርጎ በአየር ግፊት ይወጣል። ከሸራው የቀረው አቧራ በአፍ እፍ አይባልም፤ በድሮ ሸራዎች ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ አለና በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የሞተር ዘይት፣ ናፍጣና ቤንዚን የፍሬን ጎማን ያሳብጣሉ፤ ስለዚህ የውስጡ ክፍል በአልኮል ወይም በንጹሕ የፍሬን ዘይት ብቻ ይታጠባል። የጎሚኒዋ መቀመጫ ሳይጫር ይጸዳል። ጎሚኒውና የአቧራ መከላከያው በአዲስ ይተካሉ፤ አሮጌው ምንም ቢያምር አይመለስም። ግራና ቀኙ እንዳይለዋወጡ ይጠነቀቁለታል፤ ከተለዋወጡ የአየር ማውጫዋ ቡሎን ወደ ታች ትሆንና አየሩ ከላይ ታፍኖ ይቀራልና። በመጨረሻ ፒስተኑ በጥፍር ይዳሰሳል። ጥፍር የማይዝ ቀላል ዝገት ይወለወላል። ጎሚኒዋ በምትነካው ቦታ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ግን ፒስተኑ ይጣላል። የካሊፐሩ ወፍራም ገላ ካልተሰነጠቀ ከመኪናው ዕድሜ በላይ ሊያገለግል ይችላል። እንግዲህ ያገለገለ ዕቃ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ዋናው ነገር የሚታደሰውን ከማይታደሰው መለየት ነው።

ከዚህ ላይ ችግሩ ይጀምራል። ይህን ሁሉ ያልሠራ፣ ላይ ላዩን በብረት ብሩሽ ፈትጎ ቀለም የቀባ ሰው ካሊፐርም ለዓይን አዲስ ይመስላል። እንዲያውም ከደህናው ይልቅ ያብረቀርቃል። ገዢው የሚያየው ቀለሙን ነው። ሕግም ቢሆን ውስጡን አያይም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ማታቱዎች በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄዱ የፍጥነት መገደቢያ እንዲገጥሙ፣ ለመንገደኞችም ቀበቶ እንዲያበጁ አዘዘች። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን በየመንገዱ የሚቆመው ፖሊስ ቀበቶ ሊቆጥር ይችላል እንጂ ፒስተን በጥፍሩ ሊዳስስ አይችልም። ካሊፐር የተዘጋ ዕቃ ነው፤ የዘጋው እጅ ብቻ በውስጡ ያለውን ያውቃል።

አንድ ቀን የማታቱ ባለንብረት የሆነ ሾፌር ካሊፐሩን ይዞ ወደ ግቢው መጣ። ፒስተኑን ስናወጣው ዝገት በልቶት ጥፍር የሚይዝ ሆኖ አገኘነው። ሌላ ፒስተን በዕለቱ አልተገኘም። «ምዋሊሙ» አለን፤ ኬንያውያን መምህርን የሚጠሩበት የአክብሮት ቃል ነው። «በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱልኝና ግጠሙልኝ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ወደ ናኩሩ መውጣት አለብኝ። የአሁኑ ፍሬኔ ከዚህ የባሰ ነው፤ መኪናው የእኔ፣ ነፍሱም የእኔ ነው። እናንተ እምቢ ብትሉ ደግሞ የሚቀጥለው ግቢ ይሠራልኛል።» ጣቱን ይዘን ጉድጓዱን አስዳሰስነው፤ ምን እንደሚያስከትልም ነገርነው። አንገጥምም አልነው። ካሊፐሩን ይዞ ሄደ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም የሚቀጥለው ግቢ ገጠመለት። ለእራታችን ያሰብነው ገንዘብ አብሮት ሄደ። ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ ታላቃችንን፣ «ጋሼ፣ ለማን ብለን ነው? ጉዳያችን ሲያልቅ እንሄዳለን። ይህ ብረት እንደሆነ ስማችን አልተጻፈበት» አለው።

በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች አፍ አራት ክርክሮች ተነግረዋል። አራቱም የሞኝ ክርክሮች አይደሉም፤ ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው «ነፍሱም የእኔ ነው» የሚለው ነው። ሰው በገዛ ነፍሱ ላይ አደጋ ሊቀበል ይችል ይሆናል። ነገር ግን ከኋላው የተቀመጡት አሥራ አራት መንገደኞች አልተጠየቁም። በመንገዱ ዳር ሙዝ የምትሸጠው ሴትም አልተጠየቀችም። በማንኛውም የእጅ ሥራ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ሠሪው፣ አሠሪውና ሦስተኛው ሰው። ሦስተኛው ሰው ዋጋ ሲቆረጥ የለም፤ ዕቃውን አያየውም፤ ጉዳቱ ግን መጀመሪያ የሚደርሰው በእርሱ ላይ ነው። ሾፌሩ በራሱ ስም ሊስማማ ይችላል፤ በሦስተኛው ሰው ስም የመስማማት ሥልጣን ግን ከማን አገኘ? እኛስ በእርሱ ስምምነት ተጠልለን ከሦስተኛው ሰው ዕዳ ልናመልጥ እንዴት ይቻለናል?

ሁለተኛው «ሌላው ይሠራልኛል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ሠራለት። የእኛ እምቢታ አንድም ሰው ላያድን ይችላል። ነገር ግን ይህ ክርክር ከተያዘ በዓለም ላይ ለጥፋት ባለቤት አይገኝለትም፤ እያንዳንዱ እጅ ወደሚቀጥለው እጅ እየጠቆመ ሥራው ይሠራል፣ ሠሪው ግን ይጠፋል። ይህን መንገድ እኛ ስደተኞች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ከአገር ያስወጡን ሰዎች እያንዳንዳቸው ቢጠየቁ «እኔ ባላደርገው ሌላው ያደርገው ነበር» እንደሚሉ አንጠራጠርም። ደግሞም እምቢታው ባዶ አልነበረም፤ ሾፌሩ ወደ ሚቀጥለው ግቢ የሄደው ጉድጓዱን በጣቱ ካወቀ በኋላ ነው። የተዘጋውን ዕቃ ከፍቶ ማሳየት ከመምህርነታችን የቀረን አንዱ ተግባር ይህ ይመስለናል።

ሦስተኛው «ከአሁኑ ይሻላል» የሚለው ነው፤ ይህ የድኃ ክርክር ስለሆነ ልናከብረው ይገባል። ለጫማ፣ ለጣራ፣ ለድስት ሲሆን ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። የተጣፈ ጫማ ውሃ ቢያስገባ እግር ወዲያው ያውቃል። ፍሬን ግን ከዚህ ይለያል። ፍሬን እንደሌለው የሚያውቅ ሾፌር ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ፍሬን ያለው የሚመስለው በ80 ይበርራል። ስለዚህ የሚያታልል ጥገና ከሚታወቅ ጉድለት ሊብስ ይችላል፤ ዕቃውን ሳያሻሽል ጥንቃቄውን ይወስዳልና። በሌላ ወገን ደግሞ «አዲስ ካልሆነ አይነካም» የሚል ሰው ኅሊናውን በሌላው ኪስ ያጸዳል። አዲስ መግዛት የማይችል ሰው እንዲህ ያለ ምክር ሲሰማ የሚተርፈው አሮጌው የተበላሸ ፍሬን ብቻ ነው። ኃላፊነት ሁሉን እምቢ ማለት አይደለም። የሚሆነውን በሚገባ ሠርቶ፣ የማይሆነውን አይሆንም ማለት ነው። ያልተማረ መካኒክ የምንለውም ወረቀት የሌለውን ሳይሆን የዕውቀቱ ዳርቻ የት ላይ እንደሆነ የማያውቀውን ነው።

አራተኛው «እንሄዳለን» የሚለው ነው፤ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን ገጠር ማረሻ የሚሠራ ባለሙያ ከገበሬው ጋር ባንድ ቀበሌ ይኖራል። ማረሻው ቢሰበር ገበሬው መጥቶ ደጁን ያንኳኳል። ያ ባለሙያ ጠይብ እየተባለ ተንቆ ኖሯል፤ ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዘመን ነው። አዋጁም መኪናውም ደረሱ፤ ንቀቱ ግን ቶሎ አልለቀቀንም፤ እኛም ማሠልጠኛ ገብተን ጠመኔ ስንጨብጥ ከብረት ያመለጥን መስሎን ነበር። ለማንኛውም ያ የተናቀ ሰው አንድ ጠባቂ ነበረው፤ ጎረቤት። ክፉ ቢሠራ ስሙ ይጠፋል፤ ልጆቹም ባባታቸው ሥራ ይታማሉ።

ስደተኛ ይህ ጠባቂ የለውም። የሚነጠቅ ፈቃድ የለው፣ የሚጎድፍ ስም የለው፣ የሚንኳኳ ደጅ የለው። ካሊፐሩ ከስድስት ወር በኋላ ቢይዝ ወይም ቢያፈስ እርሱ ምናልባት በሌላ ክፍለ ዓለም በረዶ ይጠርጋል። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ስደት ኅሊናን ያላላል ይላሉ። እኛ ግን ነገሩን እንዲህ እናየዋለን። ከታማኝነታችን ውስጥ የትኛው የራሳችን፣ የትኛው የጎረቤት ዓይን እንደነበረ የሚለየው በስደት ነው። ጎረቤቱ ሲነሣ የሚቀረው ያ ብቻ የእኛ ነበር ማለት ነው። ጥቂት ከሆነ ጥቂት ነበር፤ ይህን ማወቅ ቢመርም ማወቁ ይሻላል።

የሚሄድ ሰው ሥራ ከሠሪው በኋላ እንደሚቆይ ለማየት ያንኑ የማይ ማሂዩን ቁልቁለት እንመልከት። መንገዱን የሠሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ እጅ የተማረኩ ኢጣሊያውያን ናቸው። ከሥሩም እ.ኤ.አ. በ1942 ያቆሟት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አለች። ከእነዚያ ምርኮኞች ብዙዎቹ አገራችንን ከወረረው ጦር ውስጥ የነበሩ ናቸውና ስለ እነርሱ ውዳሴ ልንጽፍ አልተነሣንም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ እነርሱም በሰው አገር፣ ያለ ፈቃዳቸው፣ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበትን ቀን እየቆጠሩ ነበር። የድጋፍ ግንቡን ድንጋይ «እስክንሄድ ነው» ብለው ቢደረድሩት ኖሮ በማግሥቱ የሚያያቸው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የሰው ልጅ ሁለትና ሦስት ትውልድ በዚያ ላይ ወጥቶ ወርዷል፤ ከሚወርዱትም መካከል እኛ አለንበት።

ይህ ደግሞ ነገሩን ወደ እኛ ይመልሰዋል። ከናይሮቢ ወደ ካምፕ በሚያመጣን አውቶቡስ ስንሳፈር ለማናውቀው እጅ ራሳችንን አደራ ሰጥተናል። ያ እጅ ምናልባት ከሥራ ወጥቷል፣ ምናልባት አገር ለቋል፣ ምናልባት ሞቷል። እንሄድበታለን ብለን የምንጠብቀውን አይሮፕላን ቡሎን ያጠበቀው ሰውም ፊታችንን አያውቀውም። እያንዳንዳችን የአንድ ሰው ሦስተኛ ሰው ነን። ከማናውቀው ሠሪ የምንፈልገውን፣ ለማያውቀን መንገደኛ መንፈግ አይገባንም።

አንዳንድ ወዳጆቻችን በምሬት «እኛም እኮ ያገለገለ መለዋወጫ ነን» ይላሉ። ምሳሌው አፍ ላይ ቢጥምም አንቀበለውም። ዕቃ የሚመዘነው በአገልግሎቱ ነው፤ ጉድጓድ የያዘ ፒስተን ሲጣል አይበደልም። ሰው ግን እንዲህ አይመዘንም። የታመመው፣ ያረጀው፣ ሦስት ጊዜ ቃሉን ሰጥቶ ሦስት ጊዜ ያልተሳካለት ጎረቤታችን የተጣለ ዕቃ አይደለም። ሰው መለዋወጫ የሌለው በመሆኑ ነው በመለዋወጫው ላይ መጨከን የሚገባን። ለብረት የምናደርገው ርኅራኄ ከሰው ላይ የተቀነሰ ነው።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፤ ዘለን አናልፈውም። ያን ዕለት ማታ ልጆቹ እራት የሚጠብቁት አባት ፒስተኑን ቢገጥምስ? ከእኛ ጋር እኩል ይወቀሳልን? በእኛ አስተያየት ለሦስተኛው ሰው ያለበት ዕዳ አይቀንስም፤ ረሃብ ጉድጓዱን አያለሰልሰውምና። ወቀሳው ግን በእርሱ ላይ ብቻ አያርፍም። በእራትና በሰው ሕይወት መካከል እንዲመርጥ ያስገደዱት ሁሉ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። እኛም አጠገቡ ተቀምጠን እያየን እንጀራችንን ካላካፈልነው ከእነዚያ መካከል ነን። «አይሆንም» ማለት የሚችል ሠራተኛ የምንፈልግ ከሆነ፣ «አይሆንም» ባለበት ማታ የሚያበላው ጎረቤት መኖር አለበት።

ካሊፐር የማይነካ አንባቢ ይህ አይመለከተኝም አይበል። እስኪሄድ ድረስ ሕፃናትን የሚያስተምር መምህር የተሳሳተ የሒሳብ ዘዴ ካስተማረ፣ ስሕተቱ የሚታየው ልጁ በሌላ አገር በሌላ መምህር ፊት ሲቆም ነው። ከውሃ መቅጃው አጠገብ ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ለሕሙማን ክኒን የሚቆጥር፣ ለጎረቤቱ ማመልከቻ የሚጽፍ ሁሉ የተዘጋ ዕቃ ይሠራል። እያንዳንዱ ሥራውን ከመዝጋቱ በፊት በጥፍሩ ይዳስሰው።

በአራተኛው ክርክር ወይም ስለ አባቱ በሰጠነው መልስ የማትስማሙ ብዙ እንደምትሆኑ እናውቃለን። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር በኅዳጉ ላይ ጻፉበት፤ ቦታው የተተወው ለዚሁ ነው።